ጥቆማ፦ ዝም ላለ አዲስ በቀቀን ምን ይገዛ፣ ምንስ ይቅር?

ጠያቂ፣ ኮዬ ፈጨ

ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ አንድ አረንጓዴ ባጂ (ትንሽ የበቀቀን ዓይነት) ገዝተን ሳሎን አስቀምጠነዋል። ድምፁን ሰምተን አናውቅም። እጅ ሲጠጋው ጥግ ይዞ ይቆማል፤ የሚበላውም ሰው ከክፍሉ ሲወጣ ነው። ሻጩ ወፉ ወንድ ነው፣ ያወራል ብሎናል። ቃል እየደጋገመ የሚያሰማ መሣሪያ እንግዛለት፣ ሰፊ ኬጅ እናሠራ ወይስ ሐኪም እናሳየው? ምግቡንም ከየት እንደምትገዙ ብትጠቁሙኝ፤ ከተማው ዳር ስለሆንን ለሁሉም ነገር ቦሌ ድረስ መመላለስ ይከብዳል። እህታችሁ ነኝ።

መልስ፣ ለገጣፎ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ወፉ ዝም ያለው ፈርቶ ነው ወይስ ታሞ የሚለውን ለዪ። የፈራ ወፍ ላባውን ገላው ላይ ለጥፎ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ነው የሚቆመው። የታመመ ግን በጠራራ ፀሐይ ላባውን ነፍቶ፣ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ይቀመጣል፤ ሲብስበት ከእንጨቱ ወርዶ ወለል ላይ ይሆናል፣ በተነፈሰ ቁጥርም ጭራው ከፍ ዝቅ ይላል። እንዲህ ካየሽ መሣሪያውንም ኬጁንም ተዪና በዚያው ቀን ሐኪም ፈልጊ። ወፍ ሕመሙን ይደብቃል፤ ሲታወቅበት ብዙ ጊዜ ጠንቶበታል።

የምግብ ዕቃው ሙሉ መሆኑን አትመኚ። ባጂ ፍሬውን ፈልፍሎ ገለባውን እዚያው ይተወዋል፤ ስለዚህ ዕቃው የሞላ መስሎ ገለባ ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት በረሃብ የሚሞቱ አሉ። ጠዋት ጠዋት እፍ ብለሽ ገለባውን አራግፊና የቀረውን እዪ። ኩሱ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ነጭ ከሆነና ቅርጹን ከያዘ ጥሩ ነው። ቁጥሩ በጣም ካነሰ እየበላ አይደለም።

መጀመሪያ ግዢ የምልሽ ዕቃ 1 ግራም የሚለይ ዲጂታል የኩሽና ሚዛን ነው። ባጂ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ግራም ይመዝናል። አሁን እየፈራ ሳለ ለመመዘን ብለሽ አትያዢው፤ እጅሽን ሲለምድ ሚዛኑ ላይ ትንሽ መቆሚያ አድርገሽ ጠዋት ሳይበላ መዝኚው። ከለመደው ክብደት አንድ አሥረኛውን ካጣ አትጠብቂ።

ሐኪምን በተመለከተ፣ የየሰፈሩ የእንስሳት ክሊኒክ በብዛት የሚያክመው ውሻ፣ ከብትና ዶሮ ነው። ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ከ50 ግራም በታች ለሆነ ወፍ መድኃኒት አስልተው ይሰጡ እንደሆነ ጠይቂ፤ ካመነቱ እዚያ አትሂጂ። ለእናንተ ሰፈር የሚቀናው ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ነው፤ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ መንገዱ ቀና ነው። ከእርሻ መድኃኒት መሸጫ የዶሮ ቴትራሳይክሊን ገዝቶ ውሃ ውስጥ መበጥበጥ ግን ይቅር። ባጂ በቀን የሚጠጣው ውሃ በጣም ጥቂት ነው፤ ጣዕሙን ከጠላው ደግሞ ጭራሽ ይተወዋል። ኬጁ ውስጥ የእንቁላል ቅርፊት ካለም ካልሲየሙ መድኃኒቱን ይይዝበታል።

መልስ፣ ሱሉልታ

ከኬጁ በፊት ክፍሉን አስተካክሉ። ወፍ ሳንባው ላይ የአየር ከረጢቶች ስላሉት ጭስና ጋዝ ከእኛ ቀድሞ ይጎዳዋል። ቡና ሲፈላ ከሰሉም ዕጣኑም እሱ ካለበት ክፍል ይውጣ፤ ወይም እሱን ወደ መኝታ ቤት አስገብታችሁ በሩን ዝጉና ጭሱ ሙልጭ ብሎ እስኪወጣ አታምጡት። እንጀራ ሲጋገር ምጣዱ በጎመን ዘር የሚታሰስ ከሆነ ያም ጭስ ነው። ከሁሉ የሚከፋው የማይዝ መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ሲረሳ ነው፤ ከመጠን በላይ የጋለ ቴፍሎን የሚያወጣው ጋዝ ሽታው ሳይታወቃችሁ ወፉን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል።

ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲበርድ ኬጁን ከመስኮትና ከበር ትይዩ አንሱት። በነጠላ ሸፍኑት፣ አንዱ ጎን ግን ክፍት ይሁን። መብራት ከጠፋ የሞቀ ውሃ በሃይላንድ ሞልታችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ከኬጁ ውጭ አንዱን ጎን አስደግፉት፤ ከበዛበት ራሱ ወደ ሌላው ጎን ይሸሻል። ክፍሉን በከሰል ማሞቅ በፍጹም አይሆንም።

ኬጁ በአንድ በኩል ግድግዳ ይደገፍ፣ ቁመቱም በዓይናችሁ ልክ ይሁን። ከአራቱም ጎን ሰው የሚያልፍበት ወፍ ሲጠባበቅ ይውላል እንጂ አያወራም። በቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛትም አለበት፤ ሳሎን ቴሌቪዥን እስከ እኩለ ሌሊት የሚታይ ከሆነ ማታ ማታ ሌላ ክፍል ይደር።

መልስ፣ ሰበታ

ስለ ኬጅና ምግብ እኔ ልጨምር።

ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት ጉልላት ያለው ክብ ኬጅ ለዓይን ያምራል፤ ለባጂ ግን ጠባብ ነው፣ የሚጠጋበት ጥግም የለውም። ከውጭ የገባ አራት ማዕዘን ብታገኙ ጥሩ፤ ካልሆነ ሰፈር ካለ ብየዳ ቤት አሠሩ። ልኩን ጽፋችሁ ስጡ፦ ርዝመት 80፣ ወርድ 45፣ ቁመት 50 ሴንቲ ሜትር። በሽቦዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ12 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ከሰፋ ጭንቅላቱን አስገብቶ ይታነቃል። በረጅሞቹ ጎኖች ሽቦው አግድም ይሁን፣ ባጂ በምንቃሩ እየያዘ መውጣት ይወዳል። ብየዳ ቤቶች የሚሰጧችሁ ሽቦ ዚንክ የተነከረ ነው፤ ወፉ ሲልሰውና ሲነክሰው ዚንኩ ይመርዘዋል። በኮምጣጤና በጠንካራ ብሩሽ ፈትጋችሁ፣ በውሃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። የብየዳ ጠብታ ካለ በሞረድ ይነሳ። ዝገት መከላከያ ቀለም እንዲቀቡላችሁ አትፍቀዱ።

ከኬጁ ጋር የሚመጣውን ለስላሳ የፕላስቲክ መቆሚያ አውጡና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አድርጉ፤ እሱ በየሰፈራችን ሞልቷል። ውፍረቱ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ አንዱ ቀጠን ሌላው ወፈር ያለ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውፍረት ላይ የሚቆም ወፍ የእግሩ መዳፍ ይቆስላል። የአቮካዶ ዛፍ ግን አይሆንም።

ስለ ምግብ፦ በፓኬት የሚሸጠው የውጭ ድብልቅ ከአገር ውስጡ ይበልጣል የሚል እምነት አለ። ዋናው ትኩስነቱ ነው። 20 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ በትኑ፤ በአምስት ቀን ውስጥ አብዛኛው ካልበቀለ ያረጀ ነው፣ ፓኬቱ ቢያምርም አትግዙት። ዳጉሳ፣ ማሽላና ጤፍ ከእህል በረንዳ ወይም ከሾላ በኪሎ ገዝታችሁ ራሳችሁ ብትቀላቅሉ ለአንድ ወፍ ለወራት ይበቃል። ከአቧራና ከነቀዝ የጸዳውን ምረጡ። ለዘር ተብሎ በቀለምና በመድኃኒት የታሸ እህል ግን መርዝ ነው። ኑጋችን በውጭ አገር ለወፍ መኖ ተብሎ የሚሸጥ ነው፤ ሆኖም ዘይታም ስለሆነ ለሽልማት በቁንጥጫ ብቻ።

ለአንድ ባጂ በቀን አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ እህል ይበቃዋል። ጠዋት የሐበሻ ጎመን፣ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ቃሪያ ከነፍሬው ስጡት። ቃሪያው ያቃጥለዋል ብላችሁ አትስጉ፣ ወፎች የቃሪያ ማቃጠል አይሰማቸውም። አቮካዶ፣ ቡና፣ ቸኮሌት፣ ሽንኩርትና ጨው ያለበት ወጥ ፈጽሞ አይቅመስ። ለካልሲየም የእንቁላል ቅርፊት 10 ደቂቃ ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ፈጭታችሁ አስቀምጡለት።

የኬጁን ወለል ስትጠርጉ ወረቀቱን አስቀድማችሁ በውሃ አርጥቡት። የደረቀ ኩስ አቧራው በሰው ሳንባ ላይ ሕመም የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል።

መልስ፣ ቃሊቲ

መሣሪያውን አትግዢ። ይህን የምለው በጥናት የተፈተነ ስለሆነ ነው። አይሪን ፔፐርበርግ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ አሌክስ ከሚባል ግራጫ በቀቀን ጋር እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ወፉ በ2007 እስኪሞት ድረስ ሠርታለች፤ አሌክስ ከ50 በላይ ዕቃዎችንና ሰባት ቀለሞችን በስማቸው ይጠራ ነበር። ሌሎች ግራጫ በቀቀኖች ላይ በቴፕ ድምፅ ብቻና ሰው በሌለበት ቪዲዮ ሲሞከር ግን አልተማሩም። ድምፁ መልስ ስለማይሰጠው ለወፉ እንደ ማቀዝቀዣ ጉርምርምታ ይሆንበታል። "ወፍ አናግራለሁ" ብሎ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣም ያው ነው፤ ወፉ የሚማረው አብሮት ከሚኖረው ሰው ነው።

የተሻለው ዘዴ ወጪ የለውም፣ ሁለት ሰው ብቻ ይፈልጋል። ወፉ እያየ አንዷ ካሮት አንስታ "ይሄ ምንድን ነው?" ትላለች፤ ሌላኛው "ካሮት!" ይልና ካሮቱን ተቀብሎ ራሱ ይበላል። አንዳንዴ ሆን ብሎ ይሳሳት፣ ካሮቱም ይከልከል። ከዚያ ቦታ ይቀያየሩ። ወፉ ቃሉ ምግብ እንደሚያመጣ ያያል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ጠዋትና አመሻሽ ይበቃል፤ ሲበዛበት ፊቱን ያዞራል፣ ያኔ አቁሙ።

ግን ገና ነው። ወፉ ሳይቀርብሽ ቃል አይወጣውም። መጀመሪያ ከኬጁ ሁለት ሜትር ርቀሽ ጎንሽን ሰጥተሽ ተቀመጪና በለስላሳ ድምፅ አንብቢ ወይም ከሰው ጋር አውጊ። ፊት ለፊት አታፍጥጪበት፣ ትክ ብሎ የሚያይ ለእሱ አዳኝ ነው። አንቺ እያለሽ መብላት ሲጀምር ወንበሩን ጠጋ አድርጊ። ቀጥሎ የዳጉሳ ራስ ከነአገዳው በሽቦው መካከል ያዢለት፤ ካልመጣ እጅሽን ሳታንቀሳቅሺ ቆይተሽ በቀስታ መልሺው። ከእጅሽ ከበላ በኋላ በሩን ከፍተሽ ዳጉሳውን በመዳፍሽ አስገቢ። በመጨረሻ ጣትሽን ከእግሩ ከፍ ብሎ ሆዱን በስሱ አስነክተሽ "ውጣ" በዪው፤ ሲወጣ ወዲያው ዳጉሳ። ላባውን ከለጠፈና ካለከለከ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሺ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በጓንት ይዞ በግድ ማላመድ የሳምንታቱን ልፋት በአንድ ከሰዓት ያጠፋዋል። ክንፉን እንቁረጥልሽ ለሚል ሻጭም እንቢ በዪ፤ መብረር ያልቻለ ወፍ የሚቀረው መንከስ ነው።

ምንቃሩን ቀስ እያለ ሲያፋጭ ከሰማሽ ተመችቶት ሊተኛ ነው። ጥሩ ምልክት ነው።

የወንድነቱን ነገር ከምንቃሩ በላይ ያለውን ሥጋ ዓይተሽ አረጋግጪ። ያደገ አረንጓዴ ወንድ ላይ ደማቅ ሰማያዊ ነው፤ ሴት ላይ ቡናማ ወይም ነጣ ያለ። ግንባሩ ላይ ጥቋቁር መስመር ካለው ገና ጫጩት ነው፣ በዚያ ዕድሜ ወንዱ ላይ ሐምራዊ ሮዝ ይሆናል። ሴት ከሆነች ትቀርብሻለች፣ ቃል ላይ ግን ብዙ አትጠብቂ። ወጣት ወንድ ከሆነ ለብዙ ሳምንታት ካሰለጠንሽው በኋላ አመሻሽ ላይ ለብቻው ሲያጉረመርም ትሰሚዋለሽ፤ በጣም ፈጣንና ሻካራ ስለሆነ ሰው ቃል መሆኑን ሳያውቅ ያልፈዋል። ያኔ አታቋርጪው።

ቃሉ ሁልጊዜ ከአንድ ድርጊት ጋር ይሂድ፦ ሽፋኑ ሲነሳ "ደህና አደርክ"፣ ውሃ ሲቀየር "ውሃ"። በደመቀና ቀጠን ባለ ድምፅ፣ ሁሉም የቤት ሰው አንድ ዓይነት ቃል ይጠቀም። መስታወት ኬጁ ውስጥ ካለ አውጪው፤ ወንድ ባጂ ምስሉን ጓደኛ አድርጎ ለእሱ ያወራል፣ ምግብም እያስመለሰ ይሰጠዋል።

ጠያቂ፣ ኮዬ ፈጨ

እግዜር ይስጥልኝ። ኬጁንና ሚዛኑን አስቀድማለሁ። ቀን ቀን ሁላችንም ሥራ ነን፤ ሁለተኛ ወፍ ብንጨምርስ? እዚህ መንገድ ዳር በርካሽ የሚሸጡ አሉ።

መልስ፣ አያት

መንገድ ዳር የሚሸጠው ከዱር የተያዘ እንዳይሆን። እንጦጦ ላይ የምናየው ጥቁር ክንፍ ያለው ላቭበርድ የሚባል ትንሽ በቀቀንና በአገራችን ብቻ የሚገኘው ፊቱ ቢጫ በቀቀን ያለ ፈቃድ አይያዙም፤ ፈቃድ ሰጪው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። አድጎ የተያዘ የዱር ወፍ ደግሞ ሰው አይለምድም፣ ብዙው በድንጋጤ ይሞታል። ግራጫ በቀቀን የሚያቀርብ ካለም እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ከዱር የተያዘውን ከአገር አገር መነገድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ታግዷል፤ ወረቀቱን ሳታዩ አትንኩት።

ሁለተኛ ባጂ ከቤት ካራባ ሰው ውሰዱ። እርስ በርስ ስለሚያወሩ የሰው ቃል የመማር ዕድላቸው ይቀንሳል፣ እውነቱ ይሄ ነው። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ሰው በሌለበት ቤት አንድ ወፍ ብቻውን ከሚውል ቃሉ ቢቀር እመርጣለሁ። አዲሱን ቢያንስ 30 ቀን በሌላ ክፍል፣ በሌላ የምግብ ዕቃ ለይታችሁ አቆዩት፤ ስትመግቡም መጀመሪያ ነባሩን፣ ከዚያ አዲሱን፣ ከዚያ እጅ መታጠብ።