በሽማግሌ እንታረቅ ወይስ እንክሰስ?

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአክስቴን ልጅ ዜብራ ላይ ሚኒባስ ገጭቶት እግሩ ተሰብሯል። የትራፊክ ፖሊሱ ያነሣው ፕላንም (የአደጋው ቦታ ንድፍ) የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ልጁ ገና ተኝቶ እያለ የሹፌሩ ቤተሰቦች ሽማግሌ ላኩ። የእስካሁኑን የሕክምና ወጪ ችለው 50 ሺህ ብር ሊጨምሩ፣ እኛ ደግሞ «ከዚህ በኋላ ምንም አንጠይቅም» ብለን ልንፈርም ነው። አክስቴ እርቅ ትላለች። የልጁ ወንድሞች ክስ ይላሉ። ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። እናንተስ?

ባለ ታክሲው፦ እኔም ሹፌር ነኝ፣ ለማን እንደማደላ አልደብቅም። ሰውየው ሆን ብሎ አልገጨም። መኪናውም የሰው ነው። ያ 50 ሺህ ከዘመድ አዝማድ የተለቃቀመ ነው የሚሆነው። ከስሳችሁ ብትረቱት ምኑን ልትወስዱ ነው? ልጆቹን? ታረቁ።

የሕግ ሰው፦ ሹፌሩን ብቻ ክሰሱ ያለው ማነው? የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2081 አንብቡ። መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊው ባለንብረቱ ነው፤ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። የባለንብረቱን ጥፋት ማስረዳት እንኳ አይጠበቅባችሁም። መኪናው ተሰርቆ ነበር ወይም ጥፋቱ የተጎጂው ነው ብሎ ማስረዳት የእሱ ፈንታ ነው። ልጁ ዜብራ ላይ ከነበረ ያ ቀላል አይሆንለትም። እስካሁን በዚህ ሽምግልና ባለንብረቱ የታለ?

ባለ ታክሲው፦ ኢንሹራንስ አለ አይደል እንዴ? እሱ ይክፈል።

የሕግ ሰው፦ ይከፍላል፣ ግን በልኩ። የሶስተኛ ወገን አዋጁ፣ ቁጥር 799፣ በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ለሞትም ሆነ ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር። ከኢንሹራንሱ ጣሪያ በላይ ያለው ጉዳት የሚጠየቀው ከባለንብረቱ ነው። ገጭቶ ያመለጠ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ቢሆን ደግሞ ተጎጂውን የሚክስ የመድን ፈንድ አለ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ከሹፌር ጋር ብቻ ይጨቃጨቃል።

የሰፈር ሽማግሌ፦ ልጆቼ፣ እኔ ብዙ እንዲህ ያለ እርቅ ላይ ተቀምጫለሁ። ሕጉን አልንቅም። ግን ቀጠሮ ሲጎተት፣ ምስክር ሰፈር ሲቀይር አይቻለሁ። ደግሞ ሕጉ ራሱ ለኅሊና ጉዳት የሚፈቅደው ስንት ነው? ከ1,000 ብር አይበልጥም። ይህ በ1952 የተጻፈ ቁጥር ነው! የአንዲት እናት ሌሊት በ1,000 ብር ሊካስ? በሽምግልና ግን በዳይ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ይጠይቃል። ያ የሚቆጠር ነገር ነው።

የሕግ ሰው፦ ስለ 1,000 ብሩ ጋሼ ልክ ነዎት፣ ያሳፍራል። ግን ያ የኅሊና ጉዳቱ ብቻ ነው። ሕክምናው፣ የቀረ ገቢው፣ ወደፊት የሚያጣው፣ ይሄ ሁሉ እንደ ጉዳቱ መጠን ይጠየቃል።

ነርሷ፦ እኔ ክርክሩን ትቼ አንድ ነገር ልጠይቅ። እግሩ ውስጥ ብረት ገብቷል? ከገባ ገና ብዙ ይቀረዋል። ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ሊመጣ ይችላል። ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ አጥንቱ አልገጥም ሊል ይችላል። ፊዚዮቴራፒውስ? ምን ያህል መቶኛ ቋሚ ጉዳት እንደደረሰበት የሐኪሞች ቦርድ የሚናገረው ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነው። ዎርድ ውስጥ በትራስ ሥር ወረቀት ሲፈራረሙ አያለሁ። በኋላ ክራንች መግዣ ያጡ አሉ። ደረሰኝ እንዳትጥሉ፣ የኤክስሬይ ውጤቱንም አስቀምጡ።

ጠያቂው፦ ብረት ገብቷል። ግን ብንፈርምስ፣ የባሰ ነገር ከመጣ እንደገና መጠየቅ አንችልም?

የሕግ ሰው፦ እጅግ ከባድ ነው። በሕግ የተደረገ እርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ክስ ለማቅረብ ግን ቢያንስ 2 ዓመት አላችሁ። ሹፌሩ ቸኮለ እንጂ እናንተን ምን አስቸኮላችሁ?

ባለ ታክሲው፦ የሚቸኩለው እኮ ወንጀሉም አለበት። እርቅ ካለ ዳኛው ቅጣት ያቀልለታል። ይህን ማየት ክፋት ነው?

ነርሷ፦ ክፋት አይደለም ወንድሜ። ግን የእሱ ቅጣት እንዲቀል ልጁ ሙሉ ሕይወቱን ይፈርም?

የሰፈር ሽማግሌ፦ እንግዲያው እንዲህ ይሁን። ይቅርታውን ተቀበሉ። እስካሁን ላወጣችሁት ወጪ የሚሰጧችሁን ተቀብላችሁ ለዚያው ብቻ ፈርሙ። «ሌላ አንጠይቅም» የሚለው መስመር ይውጣ። የቀረው ልጁ ድኖ፣ ቦርዱ ውጤት ከሰጠ በኋላ ይታያል። ከሽማግሌዎቹ ጋር ባለንብረቱም ይምጣ።

ጠያቂው፦ ለአክስቴ አነበብኩላት። «ባለንብረቱ ማነው?» አለች። እስከዛሬ ማንም አልጠየቀም ለካ።

ባለ ታክሲው፦ ሊብሬው ላይ ስሙ አለ፣ ከትራፊክ ፖሊሱ ጠይቁ። ባለንብረቱ ከመጣ ደግሞ እኔም ሽማግሌ ሆኜ እመጣለሁ። ለሹፌሩም የምጠይቅለት አለኝ።