የፊልሙ ፕሮፖዛል፦ ሐምሌ 15 ሳይደርስ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊዋ፦
መጨረሻው ቀን ሐምሌ 15 ነው። ከማኅበራችን አዲስ አበባ ቅርንጫፍ ጋር በጋራ የምናስገባው ስለሆነ ሁለቱም ወገን ካልተስማማበት ገንዘብ ሰጪዎቹ አይቀበሉንም። የካሌንደሩ ነገር እንዳይደገም፤ ያልተሸጠው ካርቶን አሁንም በሩ ሥር ነው፣ ተሻግሬው ነው የምገባው። የደራሲው አጭር ታሪክ ቀጥሎ አለ። ሳታነቡ አትጻፉ።

ደራሲው፦
ኮሜዲ ነው፣ ፍቅር አለው፣ ምርመራ አለው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሠርግ ሦስት ቀን ሲቀረው ሙሽራው ለአማቶቹ ያስቀለበው ሙክት ከጋጣው ይጠፋል። ነገሩ የቤተሰብ ክብር ሆኖ ፖሊስ ጣቢያ ይደርስና ሁለት መርማሪዎች ይመደባሉ። እሱ መንዝ ተወልዶ ያደገ፣ ምርመራ ማለት አገሩን ሰብስቦ አፈርሳታ ማስቀመጥ የሚመስለው ነው። እሷ የሸዋ ሮቢት ልጅ ናት፤ የጣት አሻራና የስልክ ጥሪ ዝርዝር ካላየች ማንንም አትጠረጥርም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ እሷ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፤ ፍለጋው ወደ ሮቢት ሲወርድ 1,300 ገደማ ላይ እሱ በላብ ይጠመቃል። ጣርማበር ዋሻ ውስጥ መኪናቸው ትቆማለች፣ ፍቅሩ እዚያ ይጀምራል። አጥሩ ሽቦ ላይ የተገኘ ጥቁር የበግ ፀጉር ባና፣ ማለትም የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ የሚሠሩ የመንዝ ሰዎች ዘንድ ይወስዳቸዋል። መጨረሻ ላይ የመንዙ መርማሪ የሚደርስበት ሌባ ራሱ ሙሽራው ነው። ሠርጉን ፈርቶ ነው።

መሐል ሜዳ፦
ምነው ሸዋ! ሌባ በተፈለገ ቁጥር መንገዱ ወደ መንዝ የሚዞረው ለምንድን ነው?

ደራሲው፦
ሌባው ሙሽራው ነው አልኩህ። ሙሽራው ደግሞ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው።

መሐል ሜዳ፦
እሱን የሚያውቀው እስከ መጨረሻ ቁጭ ብሎ ያየ ነው። በመሐል ተነስቶ የወጣው ሰው መንዝ ሌባ እንዳለ ይዞ ይሄዳል። ፀጉሩን አውጣው።

እርባታ፦
ፀጉሩ በሌላም በኩል ልክ አይመጣም። አማት ፊት ለመኩራራት የተቀለበ ሙክት ከሆነ አዋሲ ከሚባለው የውጭ ዝርያ የተዳቀለ ነው የሚሆነው። አዋሲ አካሉ ነጭ፣ ራሱ ቡናማ ነው፤ ከመንዝ በግ ጋር ሲዳቀል በኪሎም በቁመትም ይበልጣል። ይህን የምለው ሥራዬ ስለሆነ ነው። እኔ ሌባ ብሆን ጋጣው ውስጥ ሁለቱ ቆመው የትኛውን እንደምጎትት አውቃለሁ።

መሐል ሜዳ፦
የመንዝ በግ ለመሰረቅም አይበቃም ነው የምትለው?

እርባታ፦
እንደዚያ አልወጣኝም።

መሐል ሜዳ፦
ወጥቶሃል፣ ከላይ ተጽፏል። ያ የምታደንቀው ድቅል የመንዝ ጓሳ ጫፍ ላይ አንድ ክረምት ይደር እስቲ። የእኛ በግ ውርጩን ችሎ፣ ድርቁን ችሎ፣ ያገኘውን ግጦ ይሰባል፤ ፀጉሩ ባና ይሆናል፣ ዝተት ይሆናል፣ በርኖስ ይሆናል። የእናንተው በምን ይበልጣል? በመኖ ብዛት!

ሮቢት፦
ስለ በጉ ስትጨርሱ አንድ ጥያቄ አለኝ። የሮቢቷ ልጅ ሥራዋ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው? ታሪኩን ሁለቴ አነበብኩት፤ ሙሽራውን የደረሰበት እሱ ነው። እሷ የስልክ ዝርዝር ይዛ ከኋላው ትሮጣለች። ነገሩን እሷ ትፍታው፣ አለበለዚያ ስለ ሮቢት አትጻፉ።

ደራሲው፦
ተቀብያለሁ፣ አስተካክላለሁ።

ጡረተኛው ሳጅን፦
ሰላሳ ዓመት የሠራሁበት ስለሆነ ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ መርማሪ ሲቪል ነው የሚለብሰው፤ ሁለቱን ሰዎች ደንብ ልብስ አታልብሷቸው። ጣቢያው ውስጥ ለሚታዩት የግድ ደንብ ልብስ ከፈለጋችሁ የፖሊስን ፈቃድ በጽሑፍ ነው የምትጠይቁት። በዚህ ጊዜ ደግሞ ፖሊስ የመሰለ ተዋናይ ይዞ ጣርማበር ላይ መቆም ቀልድ አይደለም፣ ይህን ከሁሉ በፊት አስቡበት። ሁለተኛ፣ ዋሻው የደሴ መንገድ ነው። የጭነት መኪናውን አቁማችሁ ፍቅር ልታስጀምሩ ነው? ሦስተኛ፣ አፈርሳታን መሳቂያ አታድርጉት። አባቶቻችን ንብረት ሲጠፋ አገሬውን አንድ ሜዳ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ ሌባው ሳይነገር ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፣ የቀረ ይቀጣል። ሌባው ካልተገኘ አገሬው አዋጥቶ ለባለ ንብረቱ ይከፍላል። እንግዲህ ሙሽራው ራሱ የሰረቀውን በግ ዋጋ ከጎረቤቱ ጋር እኩል ሲያዋጣ ብታሳዩት አይሻልም? ኮሜዲ ከፈለጋችሁ ማለቴ ነው።

እርባታ፦
በኪሎ እንነጋገር ከተባለ ቁጥር ላምጣ። የደረሰ የመንዝ አውራ ሰላሳ ኪሎ ገደማ ቢመዝን ነው። ይህ ስድብ አይደለም።

መሐል ሜዳ፦
ሥጋው እንዴት እንደሚጥም በየትኛው ሚዛን ትለካዋለህ?

ደብረ ሲና፦
ጋሽ ሳጅን ትልቅ ነገር ጽፈዋል፣ እናንተ አሁንም በግ ላይ ናችሁ። እኔ የምለው መኪናዋ ዋሻው ውስጥ ከምትበላሽ ደብረ ሲና ትቁም። መንገደኛ ሁሉ ወርዶ ቆሎ የሚገዛበት ቦታ ነው፣ መብራት አለ፣ ሰው አለ፣ መንገድ አይዘጋም። ቆሎ ሻጮቹ ምስክር ይሆናሉ፤ በዚያ መንገድ ያለፈ በግ ከእነሱ ዓይን አያመልጥም።

አንኮበር፦
ከደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ላይ ምኒልክ ከእንጦጦ በፊት የነገሠባት ከተማ እያለች ደብረ ሲና ቆሎ? እስቲ ገደሉን እዩት፣ ጉሙን እዩት። ፍቅር ከጀመረ እዚያ ነው የሚጀምረው።

አረርቲ፦
ምንጃርን በዚህ ሁሉ ወሬ አንድም ሰው አላነሳትም። ሠርጉ ላይ የሚበላው እንጀራ ጤፉ ከየት መጣ?

ገንዘብ ያዥ፦
ሒሳቡ ውስጥ 214 ሺህ ብር አለ። ከዚህ 60 ሺው የእድር ነው፣ ማንም እጁን እንዳይዘረጋበት። በቀረው ካሜራና መብራት ተከራይተን፣ ለጄኔሬተር ነዳጅ ገዝተን፣ ተዋናይ አሳድረን፣ አብልተን። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በጉን የምንገዛው ነው የምንከራየው? ከተገዛ ከቀረጻ በኋላ የማን ነው?

ካሜራ፦
ስለ ካሜራ አትጨነቁ፣ የራሴን አመጣለሁ። ድሮንም አለኝ። ጓሳን ከላይ ሳነሳው ታያላችሁ።

ጡረተኛው ሳጅን፦
ድሮን ያለ ፈቃድ እንዳታነሳ ልጄ።

እርባታ፦
በጉን በነጻ አቀርባለሁ። ቤት ያለኝ ነው፣ ድቅል ነው፣ አምሮበታል።

መሐል ሜዳ፦
እኔም አቀርባለሁ። ቀንዱ ሁለት ጊዜ የዞረ፣ ጥቁር፣ የመሐል ሜዳ። ታሪኩ ውስጥ ጥቁር ፀጉር ነው የተጻፈው፣ ደራሲው ራሱ ነው የጻፈው።

ሮቢት፦
ጥቁሩን ፀጉር አውጣ ብለህ የጮኸው አንተ አይደለህም እንዴ?

መሐል ሜዳ፦
ሌባው ከመንዝ እንዳይመስል ነው ያልኩት። የሚሰረቀው በግ ከመንዝ ቢሆን ምን ክፋት አለው? ተፈላጊ ነው ማለት ነው።

ደራሲው፦
እሺ፣ በጉ የመንዝ፣ ፀጉሩ ጥቁር፣ ፈለጉ ግን ወደ ሸዋ ሮቢት በረት ይውረድ። አለቀ?

ሮቢት፦
አላለቀም! አሁን ሌባው ከእኛ ሊሆን ነው?

አንኮበር፦
ኧረ በጉን ፍየል አድርጉት።

እርባታ፦
ደብረ ብርሃን ላይ በፍየል የሚኮራ ሙሽራ አሳየኝና እስማማለሁ። ያልተማረ ሰው አስተያየት ሲሰጥ እንዲህ ነው።

አንኮበር፦
ማነው ያልተማረ? ስምህን አውቀዋለሁ፣ አባትህንም አውቃቸዋለሁ። ካሌንደሩ ላይ የግንቦትን ፎቶ ገልብጦ ያሳተመው የተማረው ነበር።

ጸሐፊዋ፦
የካሌንደሩን ነገር አታንሱ ብያለሁ። በጉ ላይ የተጻፈውን ቆጠርኩት፣ ከግማሽ በላይ ነው። ስለ ፈቃድ ጋሽ ሳጅን ለጻፉት መልስ የሰጠ የለም። በጀት ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው የጻፈው። ካሜራ፣ የዕቃውን ዝርዝር ነገ ላክልኝ።

እርባታ፦
አንኮበር፣ በቁጣ ነው የጻፍኩት፣ ለአባቴ ሰላምታ አድርስልኝ። በጉን በተመለከተ ግን አቋሜ ያው ነው።

አንኮበር፦
አደርሳለሁ።

አዲስ አበባ ቅርንጫፍ፦
ገንዘብ ሰጪዎቹ ቢሮ ሄጄ ነበር። ሰውየው በግልጽ ነገረኝ፤ ልብ ወለድ ፊልም ካስገባችሁ ከሌላው ሁሉ ኋላ ነው የሚታየው፣ ዕደ ጥበብና ቅርስ ካለው ግን ቅድሚያ አለው። ስለዚህ ባናውን ጎላ አድርጉት። ሴቶቹ ሲፈትሉ፣ ወንዶቹ ሲሸምኑ፣ ዝተቱ ሲዘረጋ። መርማሪዎቹ እዚያ ቢሄዱም ቢያልፉም ችግር የለውም።

ገንዘብ ያዥ፦
ይህ ይሻላል። ሠርጉ ከወጣ የ200 ሰው ድግስ ይቀርልናል።

ደራሲው፦
ሠርግ ከሌለ ሙሽራ የለም። ሙሽራ ከሌለ ሌባ የለም። ሌባ ከሌለ መርማሪዎቹ ምን ያደርጋሉ?

አዲስ አበባ ቅርንጫፍ፦
ባና ሠሪዎቹን ይጠይቃሉ። መርማሪ ሥራው መጠየቅ አይደል?

መሐል ሜዳ፦
አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣን። ባና ከተባለ በጉ ይታያል፣ በጉ ከታየ ግጦሹ ይታያል፣ እንግዲያ ጓሳን ሳታነሱ አታልፉም። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ አገር ነው፤ ጭላዳው አለ፣ ቀይ ቀበሮው አለ። ሕዝቡ ለ400 ዓመት ያህል በራሱ ሕግ ነው የጠበቀው፤ ሣሩ ዓመታት ይከለላል፣ ሲፈቀድ ብቻ ይታጨዳል፣ ከዚያ የቤት ክዳን፣ ገመድና ገሳ ይሆናል። ገሳ የለበሰ እረኛ በጉም ውስጥ ሲመጣ አንድ ደቂቃ አሳዩት፣ ሌላ ምንም አልጠይቅም።

ሮቢት፦
ሙሉ ፊልሙ መንዝ ሆነ። ሮቢቷ መርማሪ የት ሄደች?

ጸሐፊዋ፦
ተራኪ እናድርጋት። ድምጿ ይሰማል።

ሮቢት፦
መጀመሪያ ተንቀጥቃጭ፣ አሁን ደግሞ ድምጽ ብቻ። ጥሩ ነው።

ደራሲው፦
ሁለት ወር የጻፍኩት የሁለት ሰው ፍቅር ነበር። እናንተ የበግ ማስታወቂያ አደረጋችሁት። ስሜን አውጡልኝ። ለካሌንደሩም ግጥም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አንድ ሰው እንኳ አላመሰገነኝም። ደህና ሁኑ።

ደብረ ሲና፦
ተመለስ እንጂ ወንድሜ፣ ቆሎ ሻጮቹን ወድጃቸው ነበር።

አረርቲ፦
ግጥሙ ጥሩ ነበር። ፎቶው ነው የተገለበጠው።

ጡረተኛው ሳጅን፦
ልጁ እውነቱን ነው። እኔ የማየው ፊልም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሲጨቃጨቁ ቆይተው በሬዲዮ መገናኛ ላይ ስሟን ያለ ማዕረግ የሚጠራበትን ነው። ጣቢያው ሁሉ ይሰማል። ይህ በእኛ ጊዜ ደርሷል፣ ስም አልጠራም፣ አሁን አምስት ልጆች አሏቸው። ለማንኛውም የፈቃዱን ደብዳቤ ማን ይጽፋል ብዬ ነበር።

ጸሐፊዋ፦
ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ። ካሜራ፣ ዝርዝሩ አልደረሰኝም።

ገንዘብ ያዥ፦
ካሜራ ከሳምንት በፊት ነው ለመጨረሻ ጊዜ የገባው። ስልኩን ደውዬ ነበር፣ አዋሳ ለሠርግ ቀረጻ ሄዷል አሉኝ።

እርባታ፦
ይቅርታ፣ በጉም የለም። ባለቤቴ ለልጃችን ክርስትና ካሰበችው ቆይታለች፣ እኔ ነኝ ዘግይቼ የሰማሁት።

መሐል ሜዳ፦
የእኔ አለ! አልተሸጠም!

ጸሐፊዋ፦
እንግዲህ እንዲህ ብዬ አስተካክዬዋለሁ። ርእሱ የበግ ፀጉር ዕደ ጥበብ በሰሜን ሸዋ። ዘጋቢ ፊልም፣ 25 ደቂቃ። ቀረጻው መሐል ሜዳ፣ ጓሳና ደብረ ሲና ገበያ። አንኮበርን በአንድ አንቀጽ አስገብቼዋለሁ፤ ምንጃር ከጤፉ ጋር ለሚቀጥለው ዓመት ቃል ተገብቷል። መርማሪዎቹ ገጽ 3 ላይ አሉ፤ መግቢያው ላይ የጠፋ በግ እየፈለጉ ያልፋሉ፣ ከዚያ ወደ ሽመናው እንገባለን። የጋሽ ሳጅን አፈርሳታ እንደ ባህላዊ ዳኝነት አንድ ገጽ ወስዷል፣ ሰጪዎቹ ይወዱታል። ፍቅሩ ላይ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

አዲስ አበባ ቅርንጫፍ፦
ፍቅሩን ተዪው። ቅርንጫፉ ተስማምቷል። ተፈርሞ ማኅተም ተመትቶበት ይላክልን፣ እኛ እናስገባለን።

ሮቢት፦
ተቃውሞዬ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝ።

ጸሐፊዋ፦
ተይዟል።

ገንዘብ ያዥ፦
ማኅተሙ ማን ጋ ነው?

ጸሐፊዋ፦
ከካሌንደሩ ጊዜ ጀምሮ ደራሲው ጋ ነው። ስልኩን አያነሳም።

ጡረተኛው ሳጅን፦
ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው አለፍ ብሎ ነው። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እሄዳለሁ። አንድ ሰው አብሮኝ ይምጣ፤ ብቻዬን ከሄድኩ ለምርመራ የመጣሁ ይመስለዋል።

ሮቢት፦
እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ አብሬዎት እመጣለሁ። ግን እኔ ልናገር፣ እርስዎ ዝም ይበሉ። ፍቅሩን ካልመለሳችሁ ማኅተሙን አልሰጥም ቢል አልፈርድበትም።

ገንዘብ ያዥ፦
ባጃጅ ደረሰኝ ስለማይሰጥ ሒሳቡ ከኪሳችሁ ነው።