ለኦዲሽን ቪዲዮ ግራንድ ፒያኖ ቸግሮኛል

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነው ያለሁት፤ ክላሲካል ፒያኖ እማራለሁ። አውሮፓ ላለ ኮንሰርቫቶሪ (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) እያመለከትኩ ነው። የመጀመሪያው ዙር በቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ተቆርጦ መቀጠል የለበትም፣ ኖታ ሳያዩ በቃል ነው የሚጫወቱት፣ ዲጂታል ፒያኖም አይቀበሉም።

ባኹም ቤትሆቨኑም ደህና ናቸው። ጣጣው ስካርላቲ ላይ ነው፤ ኬ 141 የምትባለው ሶናታ። አንዷን ኖታ ጣት እየቀያየሩ በጥድፊያ መደጋገም አለባት። እኔ የማጠናው ደግሞ ግድግዳ ተጠግቶ በሚቆመው አፕራይት ነው፤ ቁልፉ እስከ ላይ ካልተመለሰ ገመዱን የሚመታው መዶሻ ዳግመኛ አይመታም፣ ስለዚህ ግማሹ ኖታ ይዋጣል። አግድም በተዘረጋው ግራንድ ላይ ግን ፒያኖ ሠሪው ኤራር በ1821 (እ.ኤ.አ.) ባስመዘገበው ዘዴ ምክንያት ቁልፉ በከፊል ቢመለስም ይመታል።

ቀስ ብዬ አጠናሁ፣ የጣት አቀማመጥ ቀየርኩ፣ ቃኚም አስመጣሁ። ድምፁ ተስተካከለ፣ ድግግሞሹ ግን ያው ነው። የጓደኛዬ ዲጂታል ላይ ጥርት ብሎ ስለሚወጣ ችግሩ ጣቴ አይደለም። ሶናታውን መቀየርም አልችልም፣ የምጫወተውን ዝርዝር ልኬያለሁ።

አንድ ሆቴል ሎቢ ውስጥ ያለውን ግራንድ ጠይቄ «ለጌጥ ነው፣ አይነካም» ተባልኩ (ጉድ እኮ ነው!)። «ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋም ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተነስቶ ነው ሶፊያ ሄዶ የተማረው፣ በርታ» የሚለኝ ሰው አላጣሁም። መበርታቱንስ በርትቻለሁ፣ ያጣሁት መሣሪያውን ነው።

ከፍዬም ቢሆን ለግማሽ ቀን የምቀረጽበት፣ በደንብ የተቃኘ ግራንድ ፒያኖ አዲስ አበባ ውስጥ የት አገኛለሁ?