የቲምጋድ መንበርና የዶናቲስቶች ነገር

ጥያቄ፦ በአልጄሪያ በአውሬስ ተራሮች ግርጌ የምትገኘውን ቲምጋድን ንጉሠ ነገሥት ትራያን እ.ኤ.አ. በ100 ዓ.ም. ከሦስተኛው የአውግስጦስ ሌጌዎን ለተሰናበቱ ወታደሮች እንደቆረቆራት አንብቤአለሁ። ከጥንቱ የከተማ ዕቅድ ውጭ ያለው ግዙፍ የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ግን ዶናቲስቶች የሚባሉት፣ በሰሜን አፍሪካ ከሌላው ቤተ ክርስቲያን የተለዩ ክርስቲያኖች ነው ይባላል። እነዚህ ሰዎች መናፍቃን ነበሩ? ይህን ያህል ኃይልስ ከየት አገኙ?

መልስ 1፦ በሥላሴም ሆነ በክርስቶስ ላይ ያላቸው እምነት ከሌላው አይለይም ነበር። ጠቡ የተነሣው በዲዮቅልጥያኖስ ስደት፣ ከ303 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን ለባለሥልጣናት አሳልፈው የሰጡ ካህናት ከዚያ በኋላ የሚፈጽሙት ምሥጢር ይጸናል ወይስ አይጸናም በሚለው ነው። ዶናቲስቶች አይጸናም ስላሉ ከሌላው ወገን የሚመጣውን ሁሉ ዳግመኛ ያጠምቁ ነበር፤ በዚያ ፍርስራሽ ውስጥ በሞዛይክ ያጌጠውን የጥምቀት ስፍራ ስትመለከቱ ይህን አስቡ። ኃይላቸውን በተመለከተ፣ ከ388 እስከ 398 ዓ.ም. የነበረው ኤጲስ ቆጶስ ኦፕታቱስ የአፍሪካ ሠራዊት አዛዥ የጊልዶ ወዳጅ ነበር። ጊልዶ በንጉሠ ነገሥት ሆኖሪዮስ ላይ ዐምፆ በ398 ሲሸነፍ ኦፕታቱስም ተይዞ በእስር ቤት ሞተ።

መልስ 2፦ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ቢሆንም ኃይላቸውን ከጊልዶ ብቻ መቍጠር ጕዳዩን ያሳንሰዋል ባይ ነኝ። በ256 ዓ.ም. የካርቴጅ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ቅዱስ ቆጵርያኖስ በካርቴጅ በሰበሰበው ጉባኤ ላይ የቲምጋዱ ኤጲስ ቆጶስ ኖቫቱስ ተገኝቶ፣ ከመናፍቃን የሚመለሱ ሁሉ ሊጠመቁ ይገባል ብሎ ድምፁን ሰጥቷል። ስለዚህ ዶናቲስቶች «እኛ የአባቶቻችንን ሥርዓት ጠበቅን» ሲሉ በዚያች ከተማ ሰሚ ማግኘታቸው አያስገርምም፤ ቅዱስ አውግስጢኖስም የቆጵርያኖስን ስም ከእጃቸው ለማስለቀቅ ብዙ መጻፍ ግድ ሆኖበታል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ከኦፕታቱስ በኋላ መንበሩ ምን ሆነ?

መልስ 2፦ ጋውዴንቲዮስ ተተካ፤ በ411 ዓ.ም. በካርቴጅ ከሌላው ወገን ጋር በተደረገው ክርክር ከሰባቱ የዶናቲስት ተከራካሪዎች አንዱ እርሱ ነበር። በክርክሩ ተፈርዶባቸው በእነርሱ ላይ የወጣው ሕግ ሲጠነክር፣ በ420 አካባቢ፣ ከምእመናኑ ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ራሱን እንደሚያቃጥል ዛተ፤ አውግስጢኖስም በእርሱ ላይ ሁለት መጻሕፍት ጽፏል። ከተማዋን ግን በኋላ ያፈረሷት የአውሬስ በርበሮች ናቸው፤ በ539 የባይዛንታይኑ ጄኔራል ሰሎሞን ሲደርስ ምሽጉን የሠራው ከፍርስራሿ ድንጋይ ነው።