ጥቆማ፦ ለሚራገጥ ጠመንጃ ብሬክ ወይስ ሳይለንሰር?

ሰሞኑን ሦስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ይሄ 300 ዊን ማግ ትከሻዬን ጨረሰው፤ የትኛውን ብሬክ ልግዛ?» 300 ዊን ማግ ባሩዱ የበዛ የትልልቅ እንስሳ አደን ጥይት ነው፤ ብሬክ ደግሞ አፈሙዙ ላይ የሚታሰር፣ ርግጫን (ጠመንጃው ወደ ኋላ የሚመታውን) የሚቀንስ ባለ ቀዳዳ ብረት። ሦስቱም ኮሎራዶ ናቸው። ሦስቱም ስለ ርግጫው ያሰቡት ጠመንጃውን ከገዙ በኋላ ነው። እኔም እንደዚያው ስለነበርኩ አልፈርድባቸውም።

ቀኝ ቅንድቤ ላይ ግማሽ ጨረቃ የምትመስል ጠባሳ አለች። በመጀመሪያው ዓመት ዳገት ላይ ተኝቼ ሽቅብ ስተኩስ ጠመንጃው ተራገጠና የስኮፑ (የማነጣጠሪያ መነጽሩ) ጠርዝ አገኘኝ። ደሙ ብርቱካናማው ሰደርያዬ ላይ ተንጠባጠበ። የማድነው ኤልክ፣ ያ ትልቅ አጋዘን፣ እየተዝናና ሄደ። ባለቤቴ እስካሁን «እሱ ነው አንተ የተተኮስክ?» እያለች ትስቅብኛለች። በነጋታው ብሬክ ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳ፣ ምርጫው የሚመጣው ከዚያ ነውና። ወደ ኋላ የሚገፋን እርሳሱ ብቻ አይደለም፤ ተከትሎት የሚወጣው የባሩድ ጋዝም ይገፋል። በ300 ዊን ማግ እርሳሱ 180 ግሬን፣ ማለትም 11.7 ግራም ቢሆን፣ ባሩዱ 4.5 ግራም ገደማ ነው። ጋዙ ቀላል ቢሆንም ከአፈሙዝ ሲወጣ ከእርሳሱ ይፈጥናል። ስለዚህ ከግፊቱ ሲሶ ያህሉ የእሱ ነው። ብሬክ ይህን ጋዝ በጎን ያስወጣዋል። አንዳንዱ ጭራሽ ወደ ኋላ ያዞረውና ጠመንጃውን ወደ ፊት ያስጎትተዋል። ከላይ ቀዳዳ ካለው ደግሞ ሽቅብ የሚወጣው ጋዝ አፈሙዙን ቁልቁል ይጫነዋል፤ ዝላዩ የሚቀንሰው በዚህ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ነገር ብሬክ የሚያዋጣው ባሩድ ለሚበላ ጥይት መሆኑን ነው። የ300 ዊን ማግ ርግጫ 26 ፉት ፓውንድ (የጉልበት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፤ ከእሱ ያነሱት ጥይቶች፣ 308 የሚባለው ወደ 16፣ 243 የሚባለው ደግሞ ወደ 9። ጥሩ ብሬክ 300ውን ከ40 እስከ 50 በመቶ ቢቀንስለት ከ308 በታች ያወርደዋል። 243 ላይ ብሬክ ማሰር ግን ለጌጥ ካልሆነ ምን ሊረባ?

አንድ ሌላ ጥቅም አለው፤ ቃታ ከሳቡ በኋላ እርሳሱ የት እንዳረፈ በራስ ስኮፕ ማየት። ያለ ብሬክ ስተኩስ የማየው ሰማይ ነበር።

ወደ ዕቃው እንምጣ። በጎን የሚተነፍሱት ናቸው ርግጫን የሚገድሉት። ኤሪያ 419 ሄልፋየር እኔ ከሞከርኳቸው ሁሉ ይበልጥብኛል፤ ለመግጠምም ለመፍታትም አያስቸግርም። ኤ ፒ ኤ የሚባለው ድርጅት «ሊትል ባስተርድ» የሚል ብሬክ አለው፤ ስሙን ቤተ ክርስቲያን ግቢ አትጥሩት እንጂ ዕቃው ጎበዝ ነው። በራሱ ማጥበቂያ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ቤት ውስጥ መግጠም ይቻላል። የጎን ብሬክ ትንሽ እንኳ ከተዘነበለ ግፊቱም ስለሚዘነበል ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዙሪያውን ክብ ቀዳዳ ያላቸው፣ ለምሳሌ ቬይስ፣ ለዓይን ያምራሉ፤ ከበርሜሉ ጋር አንድ ሆነው ነው የሚታዩት። ግን ከታችም ስለሚተነፍሱ መሬት ላይ ተኝታችሁ ስትተኩሱ አቧራውን ወይ በረዶውን ፊታችሁ ላይ ያነሱታል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚተኩስ ችግር የለውም።

ያገለገለ ጠመንጃ የምትገዙ ብራውኒንግ የሚባለው ጠመንጃ ላይ «ቦስ» የሚል ነገር ካያችሁ አትደንግጡ። እሱ ብሬክ ብቻ ሳይሆን የበርሜሉን ንዝረት ማስተካከያም ነው። «ሲ አር» የሚል ከተጻፈበት ቀዳዳ የለውም፤ ርግጫም አይቀንስም። ሻጩ ይህን ላይነግራችሁ ይችላል።

ከመግዛታችሁ በፊት የበርሜሉን ጥርስ፣ ማለትም ብሬኩ የሚጠመዘዝበትን ቡሎን መሰል መስመር፣ እወቁ። አሜሪካ ውስጥ ለ30 ካሊበር (300ውም 308ም እዚህ ይገባሉ) የተለመደው 5/8 በ24 ነው፤ ውፍረቱ 5/8 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ማለት ነው። ብራውኒንግ ኤክስ ቦልት ግን ብዙ ጊዜ ኤም 13 በ0.75 (በሚሊሜትር የሚለካ) ሆኖ ይመጣል። ጥርስ ለሌለው በርሜል ዊት ማሽን ታስሮ የሚጠብቅ ብሬክ አለው፤ በርሜሉን መንካት ለማይፈልግ ሰው ጥሩ መላ ነው።

ጥርስ የማውጣቱን ሥራ ለማን ትሰጡታላችሁ? እዚህ ጋ እኔ ተቃጥያለሁ። አንድ ቦታ በርካሽ፣ «ነገ ና» ብለው ሠሩልኝ። ሦስተኛው ጥይት የብሬኩን ቀዳዳ ጠርዝ ላሰው። ወረቀቱ ላይ እርሳሱ በጎኑ ተጋድሞ የገባበት ቀዳዳ ታየኝ፤ የቁልፍ ቀዳዳ ነው የሚመስለው። ለካ ጥርሱን ያወጡት የበርሜሉን ውጭ ተከትለው ነው። ውጩና ውስጡ ደግሞ ሁልጊዜ መሃል ለመሃል አይገጥሙም። ሁለተኛው ባለሙያ ጢሙን እያሻሸ በርሜሉን ቶርኖው ላይ አሰረ። መለኪያውን ውስጠኛው ቀዳዳ ላይ አስገብቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲያስተካክል ቆመ። መቁረጡ ራሱ ቡና ጠጥቼ ሳልጨርስ አለቀ። እኔ ስጠይቅ ዋጋው ከ100 እስከ 200 ዶላር ነበር፤ ወረፋው ግን ሳምንታት ይፈጃል። ስትደውሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «የምትለካው ከውስጥ ነው ከውጭ?» «ከውጭ» ካላችሁ አመስግናችሁ ዝጉ።

አሁን ብሬክ ሻጮች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደሚያልፉት ነገር፤ ጆሮ። ብሬክ የሌለው ጠመንጃ ራሱ ከ150 ዴሲቤል በላይ ይጮኻል። ለድንገተኛ ድምፅ የአደጋ መስመር የሚባለው 140 ነው። ብሬኩ ያንን ጩኸት ወደ ተኳሹና አጠገቡ ወዳለው ሰው ያዞረዋል። አብረውኝ የሚያድኑ አንድ ጋሼ አሉ። ሁለት ሜትር ያህል በግራዬ ተቀምጠው፣ የጆሮ መከላከያቸውን አንገታቸው ላይ ሰቅለው ነበር። እኔ ደግሞ ሳልነግራቸው ተኮስኩ። ጆሯቸው ለሦስት ቀን ጮኸ። «ይሄ ብሬክ አይደለም ልጄ፣ መለከት ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በቀኜም በግራዬም አይቀመጡም። አፍሪካ ውስጥ ሳፋሪ የሚመሩ ባለሙያዎችም ብዙዎቹ ብሬክ አይወዱም፤ ዱካ ፈላጊው ሁልጊዜ ከተኳሹ አጠገብ ነዋ።

ስለዚህ ብሬክ ከገዛችሁ የኤሌክትሮኒክስ ጆሮ መከላከያ የግድ ነው። ሃዋርድ ላይት ኢምፓክት ስፖርት 50 ዶላር አካባቢ ነው፤ ሹክሹክታ ያሰማል፣ ተኩስ ያፍናል። ተኩስ ሜዳ ላይ ከሥሩ የስፖንጅ ድፍን ጨምሩበት።

አሁን ግን ለብዙዎቻችሁ ምክሬ ሳይለንሰር፣ ማለትም የድምፅ ማፈኛ፣ ነው። ከ1934 ጀምሮ ሲከፈልበት የኖረው 200 ዶላር የፌዴራል ግብር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዜሮ ሆኗል። ምዝገባው፣ አሻራውና ፎቶው አልቀረም። ኮሎራዶ ውስጥ ለአደን ይፈቀዳል። ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ ያላችሁ ግን እርሱት፤ እዚያ መያዙም ክልክል ነው። ርግጫን ከጥሩ ብሬክ ያነሰ ነው የሚቀንሰው። ጠመንጃውን ያስረዝማል፤ ዋጋውም ከብሬክ ብዙ እጥፍ ነው። ጩኸቱን ግን ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ያወርደዋል። ጋሼም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ገንዘብ ማውጣት ያልፈለገ ሰውስ? መጀመሪያ ሰደፉ ለክንዱ ልክ መሆኑን ያሳይ። ረዥም ሰደፍ ወይም ስኮፕን ቀርቦ ማየት ከጥይቱ ይብሳል፤ የኔ ቅንድብ ምስክር ነው። ሊምሴቨር ላስቲክ ሰደፉ ላይ ማስገጠም በጣም ርካሹ መፍትሔ ነው። ደፍሬ ልናገር ካላችሁኝ ደግሞ 300ውን ሽጡት። የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክ የሚጠይቀው ቢያንስ 0.24 ኢንች ካሊበር፣ 85 ግሬን እርሳስና በ100 ያርድ 1,000 ፉት ፓውንድ ነው። 308 ያንን በሰፊው ያልፋል።

ብሬክም ሆነ ሳይለንሰር ስትገጥሙ ወይም ስትፈቱ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል። ስለዚህ ለአደን በምትይዙት አኳኋን ኢላማችሁን እንደገና አስተካክሉ። ይህን እስከ መጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። የኮሎራዶ ሦስተኛው የጠመንጃ አደን ወቅት ኅዳር መግቢያ አካባቢ ነው፤ የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ሲያያችሁ ይከርማል።

የኔ አሮጌ የጎን ብሬክ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ 5/8 በ24 ነው። ኦሮራ ያላችሁ ወስዳችሁ ሞክሩት። የጆሮ መከላከያ ግን ይዛችሁ ኑ፣ የኔን ጋሼ ወስደውታል።