ቶክን ከመግዛቴ በፊት የብሎክቼይን መረጃውን እንዴት ላንብበው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የማውቀው ሰው በኢቴሪየም ብሎክቼይን (ዝውውር ሁሉ በሚመዘገብበት ክፍት መዝገብ) ላይ የወጣ አዲስ ቶክን፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ፣ እንድገዛ እየወተወተኝ ነው። ዋጋው በሁለት ሳምንት አራት እጥፍ ሆኗል። ከዚህ በፊት በእንዲህ ያለ ጥድፊያ ገብቼ ካጠራቀምኩት ግማሹን አጥቻለሁ፤ አሁን አጣርቼ መወሰን እፈልጋለሁ። የኢቴሪየምን መዝገብ በሚያሳየው ኢተርስካን ገጽ ላይ የባለይዞታዎችን ሰንጠረዥ ስከፍት አንደኛው አድራሻ 38 በመቶ፣ ሁለተኛው 21 በመቶ ይዟል። ሁለት ሰዎች ከግማሽ በላይ ይዘዋል ማለት ነው? ደግሞም ሰውየው «ነጻ የትንተና መሣሪያ» ብሎ የላከልኝ ገጽ የዋሌቴን (የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳዬን) 12 የምስጢር ቃላት እንዳስገባ ይጠይቃል። ይህስ የተለመደ ነው?

መልስ 1
ከመጨረሻው ልጀምር፤ እባክዎን ያንን ገጽ ይዝጉት። የብሎክቼይን መረጃ ለማንም ክፍት ነው፤ ለማንበብ አድራሻውን መጻፍ ብቻ ይበቃል። ለዚህ ብሎ 12ቱን ወይም 24ቱን የምስጢር ቃላት የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው። አስገብተው ከሆነ የቀረውን መልሴን ሳያነቡ በአዲስ ቃላት አዲስ ዋሌት ይክፈቱና ያለዎትን አሁኑኑ ያዛውሩ።

ወደ ሰንጠረዡ ስንመጣ፣ አድራሻ ሁሉ ሰው አይደለም። ከአድራሻው ጎን ትንሽ የሰነድ ምልክት ካለች ስማርት ኮንትራት፣ ማለትም በብሎክቼይኑ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቶክኑ በዩኒስዋፕ የገበያ መድረክ የሚገዛበትና የሚሸጥበት የገንዘብ ክምችት ይሆናል። በዜሮዎች ተሞልቶ መጨረሻው «ዴድ» ተብሎ የሚነበበው አድራሻ ደግሞ የማቃጠያ አድራሻ ነው፤ እዚያ የገባ አይወጣም። እነዚህን ይቀንሱና የቀረውን ማን እንደያዘው ይመልከቱ።

መልስ 2
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ ሽያጩን አያለሁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ስኩዊድ የተባለው ቶክን ከ2,800 ዶላር በላይ ደርሶ በደቂቃዎች ውስጥ ዜሮ ሊባል በሚችል ዋጋ ላይ ወደቀ። ዋጋው ሽቅብ ሲወጣ አብዛኞቹ ገዢዎች መሸጥ አይችሉም ነበር። ዴክስ ስክሪነር በተባለው የግብይት መከታተያ ገጽ ላይ የግብይቶቹን ዝርዝር ይክፈቱ፤ ግዢ በግዢ ሆኖ ሽያጩ ከአንድ ሁለት አድራሻዎች ብቻ የሚመጣ ከሆነ ያ ቶክን መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። ቶክን ስኒፈርን የመሰሉ መሣሪያዎች ይህን ለማጣራት ይረዳሉ፤ ነገር ግን ንጹሕ ውጤት ስለ ዛሬ ብቻ ነው የሚናገረው። የኮንትራቱ ባለቤት ደንቡን የመለወጥ ወይም አዲስ ቶክን የማተም ሥልጣን ካለው ነገ ሊዘጋብዎት ይችላል። የመገበያያ ክምችቱ ባስገባው ሰው እንዳይወጣ ተቆልፎ እንደሆነና እስከ መቼ እንደተቆለፈም ይዩ።

መልስ 3
አንድ ሰው መቶ ዋሌት መክፈት ይችላል። ስለዚህ ትንንሽ ባለይዞታዎችን በተናጠል አይመኑ፤ የእያንዳንዱን የመጀመሪያ ዝውውር ከፍተው ለዝውውር ክፍያ የሚሆነው ኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ) ከየት እንደመጣ ይከተሉ። ባብልማፕስ የተባለው መሣሪያ ይህን ዝምድና በሥዕል ያሳያል።

የመሣሪያዎቹንም ወሰን ልብ ይበሉ። ሰንሰለቱ ላይ ያልተጻፈ ዕዳ አይታይም፤ በኖቬምበር 2022 የወደቀው የዲጂታል ገንዘብ ገበያ ኤፍቲኤክስ ለደንበኞቹ ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት ከዋሌቶቹ ማንበብ አይቻልም ነበር። የተጻፈውም ቢሆን የሚያነበው ይፈልጋል። በማርች 2022 ገንዘብ ከአንድ ብሎክቼይን ወደ ሌላው ከሚያሻግረው ሮኒን ድልድይ 173,600 ኢተር ሲወጣ ዝውውሩ ለዓለም ሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ መሰረቁ የታወቀው ከስድስት ቀን በኋላ ነው።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቃላቶቼን አላስገባሁም። 38 በመቶው የዩኒስዋፕ ክምችት፣ 21 በመቶው የማቃጠያ አድራሻ ሆኖ ሳገኘው እፎይ ብዬ ነበር። ከዚያ ከሦስተኛ እስከ አሥራ አራተኛ ያሉትን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። አሥራ ሁለቱም እያንዳንዳቸው 2 በመቶ ገደማ ይዘዋል፤ የመጀመሪያ ኢተራቸውን ሁሉም ከአንድ አድራሻ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተቀብለዋል! የክምችቱ ቁልፍ ደግሞ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ይከፈታል።

መልስ 3
እንግዲህ በሰው እጅ ከሚገኘው 41 በመቶ ውስጥ 24ቱ የአንድ እጅ ነው። እኔ ብሆን አንድ ሳንቲም አላስገባም።

ጠያቂ
አልገዛም። ነገር ግን ያ የማውቀው ሰው ራሱ ብዙ ገዝቷል፤ ያየሁትን ስነግረው ደነገጠ። ምን ያድርግ?

መልስ 2
መጀመሪያ በጣም ጥቂት ሸጦ ይሞክር። ከተሳካለት ቁልፉ ሳይከፈት በየመጠኑ ይውጣ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከሸጠ ክምችቱ ትንሽ ስለሆነ ራሱ ዋጋውን ያወርድበታል። ያንን «የትንተና» ገጽ እርሱም ተጠቅሞበት እንደሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁት። ቃላቱን ሰጥቶ ከሆነ አዲስ ዋሌት ያስፈልገዋል፤ ዋሌቱን አገናኝቶ ገንዘቡን እንዲያንቀሳቅሱ ፈቃድ ብቻ ሰጥቶ ከሆነ ኢተርስካን ላይ የሰጣቸውን ፈቃዶች የሚያሳይ ክፍል አለ፣ የማያውቀውን ሁሉ ይሰርዝ።