በሼንገን አገሮች የ90 ቀን ቆይታ፦ ወጥቶ መመለስ ቆጠራውን እንደ አዲስ ያስጀምራልን?

ጥያቄ (የሜሪላንድ እናት)

እንደምን ሰነበታችሁ። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዝሁ ጡረተኛ ነኝ። በዚህ በ2026 ከጃንዋሪ 10 እስከ ማርች 20 ፍራንክፈርት ወንድሜ ዘንድ ከርሜ፣ አሁን ለንደን እህቴ ቤት እገኛለሁ። ስቶክሆልም የምትኖረው ልጄ ጁን 25 አካባቢ ትወልዳለች ተብሏል። ሜይ 1 ገብቼ በሥራ እያገዝኋት፣ ከወለደችም በኋላ እያረስኋት እስከ ክርስትናው ልቆይ አስቤአለሁ፤ ሴት ልጅ ስለሆነች ክርስትናው በ80 ቀኗ ነው። አንድ ዘመዳችን «90 ቀን ሊሞላሽ ሲል ለንደን ደርሰሽ ብትመለሺ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል» ይለኛል። እውነት ነው? ልጄ ምጥ ላይ ሳለች እኔ ከድንበር እንዳልመለስ እፈራለሁ።

መልስ (ከፍራንክፈርት)

እትዬ፣ ዘመድዎ የነገሩዎት ብዙ ሰው ያሳሳተ አባባል ስለሆነ እባክዎ አይመኑት። ሕጉ በሼንገን (ጀርመንንና ስዊድንን ጨምሮ የጋራ የድንበር ሕግ ባላቸው የአውሮፓ አገሮች፤ ብሪታኒያ የለችበትም) የሚፈቅደው በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን ነው። ይህ 180 ቀን የሚጀምርበት ቋሚ ዕለት የለውም፤ በሼንገን ውስጥ በሚገኙበት በእያንዳንዱ ቀን ላይ ሆነው ወደ ኋላ 180 ቀን ይቆጥራሉ። መውጣት ያለፉትን ቀኖች አይሰርዛቸውም። ከቆጠራው የሚወጡት ከ180ው ቀን ሲያልፉ ብቻ ነው። 29ኙ የሼንገን አገሮች እንደ አንድ ስለሚቆጠሩም የፍራንክፈርት ቀኖችዎ ስቶክሆልም ላይ ይታሰባሉ።

የገቡበትና የወጡበት ቀን ሁለቱም ስለሚቆጠሩ እስካሁን 70 ቀን ተጠቅመዋል። ሜይ 1 ከገቡ የሚቀርዎት 20 ቀን ብቻ ስለሆነ ሜይ 20 መውጣት ግድ ይሆንብዎታል፤ ከዚያም የጃንዋሪ ቀኖች አንድ በአንድ መውጣት የሚጀምሩት ጁላይ 9 በመሆኑ፣ ወሊዱ ያመልጥዎታል። ከማርች 20 በኋላ ሙሉ 90 ቀን ውጭ ቆይተው ጁን 19 ቢገቡ ግን እስከ ሴፕቴምበር 16 ሳይቋረጥ 90 ቀን ያገኛሉ። ልጅቱ ጁን 25 ከተወለደች 80 ቀኗ ሴፕቴምበር 12 ይሞላል።

መልስ (መንገደኛ)

ስሌቱ ትክክል ነው፤ እኔ በራሴ ስህተት የተማርሁትን ልጨምር። «ሦስት ወር» እና «90 ቀን» አንድ ይመስሉኝ ነበር። ማርች 1 ገብቼ ሜይ 31 ስወጣ 92 ቀን ሆኖ ተገኘ፤ በአንድ አውሮፕላን ማረፊያ ሲጠይቁኝ ቆይተው በረራዬ አመለጠኝ። በዚያን ጊዜ መኮንኑ የፓስፖርቱን ማህተም እያገላበጠ ነበር የሚቆጥረው። ኦክቶበር 12 ቀን 2025 ሥራ የጀመረው አዲሱ የመግቢያና መውጫ መመዝገቢያ ግን ማህተሙን በጣት አሻራና በፊት ምስል እየተካ ስለሆነ ቆጠራውን ኮምፒዩተሩ ራሱ ያደርገዋል። «ክሮኤሺያ ወይም ቡልጋሪያ ደርሼ ልመለስ» የሚለውም የቆየ ምክር ነው፤ ክሮኤሺያ ከ2023፣ ቡልጋሪያና ሩማኒያ ደግሞ በየብስም ጭምር ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ሼንገን ውስጥ ናቸው።

መልስ (ከስቶክሆልም)

ምጥ ቀን ጠብቆ አይመጣምና ይህንንም ያስቡበት። ሕፃኗ ጁላይ 5 ብትወለድ 80 ቀኗ ሴፕቴምበር 22 ስለሚሆን ጁን 19 የገባ ሰው አይደርስበትም። መግቢያዎን ባዘገዩ ቁጥር መውጫዎም በዚያው ልክ ይገፋል፤ ጁን 25 ቢገቡ እስከ ሴፕቴምበር 22 መቆየት ይችላሉ፤ ምጡ ቀደም ካለ ግን ወሊዱ ያመልጥዎታል። ቀኑ ሊያልቅ ሲል ከባድ ምክንያት ከገጠመዎት ለስዊድን የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጉብኝት መኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ይቻላል፤ ማመልከቻው መግባት ያለበት ግን 90ው ቀን ሳያልቅ ነው። ምክንያትዎን በሰነድ ያስደግፉ፤ ፈቃዱን እርግጠኛ ነገር አድርገው ግን ትኬት አይቁረጡ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ከልጄ ጋር ተነጋግረን የሜይውን ትኬት ለጁን 19 አዛውረነዋል፤ ለወሊዱ መድረስ ይበልጥብኛልና። ልጅቱ ከዘገየች ክርስትናዋን በፎቶግራፍ አየዋለሁ። እስከዚያ እዚሁ ለንደን እቆያለሁ፤ እዚህ ለአሜሪካ ፓስፖርት የሚፈቀደው ስድስት ወር ስለሆነ ይበቃኛል።